ለደንበኞቻችን፦ በማስተዳደሪያው ዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ሌላ ፕሮግራም ስለመጫን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ይህ ደብዳቤ የድርጅቱን ኮምፒውተሮች ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድረውን ማይክሮሶፍት ኮንፊገሬሽን ማናጀርን ተክለንላችሁ ለምንከታተል ድርጅቶች በሙሉ የተጻፈ ነው። በቅርቡ ከአንድ በላይ ደንበኛ ዘንድ ተመሳሳይ ችግር ስለገጠመን፣ በስልክ ለየብቻ ከማስረዳት አንድ ጊዜ በደንብ ጽፈን መላኩን መርጠናል።

አንድ ደንበኛችን የሠራተኛ መግቢያና መውጫ የሚመዘግብ የጣት አሻራ ማሽን ገዛ። ሊተክል የመጣው ባለሙያ «ኤስኪውኤል ሰርቨር አላችሁ?» ሲል ጠየቀ፤ ዳታቤዝ የሚይዘውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ማለቱ ነው። አለን ተባለ። የነበረው ግን የኮንፊገሬሽን ማናጀር ዳታቤዝ የተቀመጠበት ሰርቨር ነው። ባለሙያው የአሻራውን ዳታቤዝ እዚያው ፈጠረ። ፕሮግራሙ በዊንዶውስ አካውንት መግባት ስለማይችል ሰርቨሩ በራሱ ስምና ፓስወርድም እንዲያስገባ አድርጎ ቀየረው፤ «ኤስኤ» የሚባለውን ዋና አካውንት ከፈተና ስድስት አኃዝ ያለው ፓስወርድ ሰጠው። ያ ፓስወርድ በሰው ኃይል ክፍል ኮምፒውተሮች ውስጥ፣ ማንም ከፍቶ በሚያነበው ፋይል ላይ በግልጽ ተጽፎ ተቀመጠ። ክፉ ያሰበ ሰው የለም። ሆኖም በአንድ ከሰዓት በኋላ ላይሰንሱም ተጣሰ፣ በሩም ተከፈተ።

ከላይሰንሱ እንጀምር። ኮንፊገሬሽን ማናጀር ስትገዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር ስታንዳርድን የመጠቀም መብት አብሮ ይመጣል። ለየብቻ ገንዘብ ስላልከፈላችሁበት ብዙዎቻችሁ እንደራሳችሁ ሰርቨር ታዩታላችሁ፤ መሳሳቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። መብቱ የተሰጠው ለማስተዳደሪያው ዳታቤዝ ነው። አብረውት እንዲቀመጡ የተፈቀዱት ጥቂት የማይክሮሶፍት ነገሮች ናቸው፤ ለምሳሌ የዊንዶውስ ማሻሻያዎችን የሚያከፋፍለው አገልግሎት ዳታቤዝ። የደመወዝ፣ የስቶክ፣ የአሻራ ወይም የሒሳብ ፕሮግራም እዚያ ላይ ሲገባ ግን ሰርቨሩ ራሱን የቻለ ሙሉ ላይሰንስ ይፈልጋል። ይህም ቀላል ወጪ አይደለም። በኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉ የማስሊያ ክፍሎች ብዛት) ከተገዛ ለአንድ ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ማሽን ውስጥ ራሱን ችሎ ለሚሠራ ኮምፒውተር) ቢያንስ የ4 ኮር ላይሰንስ ያስፈልጋል። በሰርቨርና በተጠቃሚ ከተገዛ ደግሞ ዳታቤዙን የሚጠቀም ሰው ወይም መሣሪያ ሁሉ የየራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። «ሠራተኞቻችን የሚገቡት በድረ ገጽ በኩል ነው፤ ዳታቤዙን የሚነካው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው» የሚለው መልስ አያዋጣም፤ የሚቆጠረው ከድረ ገጹ ጀርባ ያለው ሰው ነው።

ሁለት አቋራጮችንም አይተናል። ለሙከራ የሚሰጠው እትም 180 ቀን ሲሞላው ሥራ ያቆማል። ለፕሮግራም ሠሪዎች በነጻ የሚሰጠው እትም ደግሞ የስታንዳርድን ሥራ ሁሉ ስለሚሠራ ያጓጓል፤ በእውነተኛ ሥራ ላይ ማዋሉ ግን የተከለከለ ነው። በአገራችንም የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ መሆኑን ልብ በሉ።

ይበልጥ የሚያሳስበን የበሩ ጉዳይ ነው። ኮንፊገሬሽን ማናጀር በድርጅታችሁ ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ሶፍትዌር ይጭናል፣ ያጠፋል፣ ትእዛዝ ያስፈጽማል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገውም በየኮምፒውተሩ ከፍተኛ ሥልጣን ይዞ ነው። ማን ምን ማድረግ እንደሚችል የተመዘገበው በዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ስለዚህ በ«ኤስኤ» የገባ ሰው ራሱን ሙሉ አስተዳዳሪ አድርጎ ሊጽፍ፣ ከዚያም የዋና ሥራ አስኪያጁን ላፕቶፕ ጨምሮ ሁሉንም ሊያዝ ይችላል። የአሻራ ማሽኑ ፓስወርድ የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቁልፍ ሆኗል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2002 ስፓይዳ የተባለ ዎርም (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ጎጂ ፕሮግራም) በኢንተርኔት ላይ እየዞረ የገባባቸው ሰርቨሮች «ኤስኤ» ያለፓስወርድ የተተወባቸው ነበሩ። ዛሬም ቀላል ፓስወርድ ደጋግመው የሚሞክሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚጽፉት ይህንኑ ስም ነው።

ኮንፊገሬሽን ማናጀር ራሱ ወደ ዳታቤዙ የሚገባው በዊንዶውስ መታወቂያ ብቻ ነው፤ «ኤስኤ»ን አይፈልግም። የሚፈልገው የራሱን ኮምፒውተር አካውንት ነው፤ ስሙ በዶላር ምልክት ያልቃል። አንድ ጊዜ ትጉህ የሆነ የአይቲ ሠራተኛ የማያውቃቸውን አካውንቶች ሲያጸዳ ይህንንም አብሮ አጠፋውና ማስተዳደሪያው ቀጥ አለ። በዝርዝሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ካያችሁ እባካችሁ አትንኩት። የኤስኪውኤል አገልግሎት የሚነሳበትን አካውንት ስትቀይሩም አስቀድማችሁ ደውሉልን፤ የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች አካውንት በሚመዘገብበት በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ አብሮ መስተካከል ያለበት ምዝገባ አለ።

ሰዓትንም ሳናነሳ አናልፍም። ዊንዶውስ ማንነትን የሚያረጋግጥበት ከርበሮስ በሁለት ማሽኖች መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት ሲያይ፣ በተለመደው አሠራር አያስገባም። መብራት ሄዶ ሲመጣ የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀ ሰርቨር ሰዓቱን ስቶ ይነሳል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሰዓቱን በእጁ ያስተካከለው ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ስለነበር 3:00 ብሎ አስገባ፤ ማሽኑ 9:00 ነበር የሚጠብቀው። በስድስት ሰዓት ልዩነት ምክንያት ማንም መግባት አልቻለም፤ እኛም መጀመሪያ የፓስወርድ ችግር መስሎን ብዙ ለፋን። ባትሪው በጣም ርካሽ ስለሆነ በዚህ ዙር ለሁሉም እንቀይራለን።

አሁን የምናደርገውን እንንገራችሁ። ቴክኒሻኖቻችን በየተራ መጥተው በሰርቨሩ ላይ ያሉትን ዳታቤዞች ይቆጥራሉ። የማስተዳደሪያው ያልሆነ ከተገኘ ወደ ሌላ ማሽን እናዛውረዋለን። ለትንንሾቹ ነጻው የኤክስፕረስ እትም ይበቃል፤ እስከ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ባለው እትም አንድ ዳታቤዝ 10 ጊጋባይት ድረስ ይይዛል፣ የአሻራ መዝገብ ደግሞ ከዚያ በታች ነው የሚሆነው። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩን ወደ ዊንዶውስ መታወቂያ ብቻ መልሰን «ኤስኤ»ን እንዘጋለን። የኤስኪውኤል ሰርቨር 2014 እትም ያላችሁ ካላችሁ አብረን እናሻሽላለን፤ የማይክሮሶፍት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2024 አብቅቷል። ለዚህ ሥራ የጉልበት ክፍያ አንጠይቅም፤ ስንተክል ይህን በግልጽ ልናስረዳችሁ ይገባ ነበር።

ከእናንተ የምንፈልገው የላይሰንስ ሰነዶቹን ከፋይናንስ ክፍል አውጥታችሁ እንድታቆዩልን፣ ሰርቨሩን የሚጠቀም ሌላ ፕሮግራም ካለ ያስገባውን ድርጅት ስልክ እንድትሰጡን፣ በቀጠሮው ቀንም ዳታቤዙ ለሁለት ሰዓት ያህል ሲቆም ሥራ የማይስተጓጎልበትን ጊዜ እንድትመርጡልን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ለአብዛኞቻችሁ የሚመች ይመስለናል፤ ሌላ ቀን የሚሻላችሁ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አሳውቁን።

ከሰላምታ ጋር፣
የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል