ቅዳሜ ለፕሮክሲያችን የራሱን ዲስክ እንገጥማለን

ሰላም የላብ ቡድን አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ደብረ ማርቆስ ላባችን ተገናኝተን የስኩዊድን (የፕሮክሲያችን ፕሮግራም፣ ኢንተርኔቱን በመሃል ሆኖ የሚያስተላልፈው) ካሽ፣ ማለትም የወረዱ ፋይሎችን ለድጋሚ አገልግሎት የሚያስቀምጥበትን ቦታ፣ ፋየርዎሉ (ኔትወርካችንን የሚጠብቀው ማሽን) ላይ ወደሚገጠም ሌላ ዲስክ እናዛውራለን። አሁን የሚቀመጠው ራም ላይ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ባዶ ይሆናል። ትናንት የወረደውን አፕዴት ዛሬ እንደገና እያወረድን ፓኬጃችን ያልቃል፤ ተማሪዎቹም ይጉላላሉ።

ዲስኩን ፎርማት አድርገን ማሽኑ ሲነሳ በራሱ እንዲያያዝ እናደርጋለን። እዚህ ላይ አደራ፦ ሳይያያዝ ከቀረ ስኩዊድ ዋናው ዲስክ ላይ እየጻፈ ይሞላዋል። ስለዚህ ዲስኩ የሚያያዝበት ባዶ ፎልደር የሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ብቻ ይሁን። ለስኩዊድ ፈቃድ የምንሰጠው ዲስኩ ከተያያዘ በኋላ ነው።

ሌላው፣ ስኩዊድ ካልነገሩት በቀር ከ4 ሜጋባይት የሚበልጥ ፋይል አያስቀምጥም። ትልልቅ አፕዴቶች እንዲቀመጡ ይህን ከፍ ማድረግ ግድ ነው። የኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠሩ) ገጾች ግን እንደ በፊቱ ሳይቀመጡ ያልፋሉ። ዩቲዩብ ይፈጥናል ብላችሁ ለማንም ቃል አትግቡ።

መወሰን ያለብን መጠኑን ነው። 1 ጊጋባይት ካሽ ወደ 14 ሜጋባይት ራም ይበላል። ዲስኩ 500 ጊጋ ነው ብለን ሁሉንም ብንሰጠው 7 ጊጋ ራም ሊፈልግ ነው፤ ማሽናችን ያለው 4 ብቻ ነው። በእኔ በኩል 50 ጊጋ ይበቃል።

ካቻቢቴና ትርፍ የሳታ ኬብል ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የፋየርዎሉን ባካፕ አስቀድሜ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። እስኪያልቅ ኢንተርኔት ስለማይኖር ለመምህራኑ ንገሩልን።

መምጣት አለመምጣታችሁንና የምትመርጡትን መጠን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።