ሐሳቡ ከየት ይመጣል ላልሽኝ

ሀያትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ሐምሌን ታውቂዋለሽ፤ የጦሳ ተራራ እስከ ረፋድ ድረስ አይታይም፣ ቀለምም ቶሎ አይደርቅም።

«አባዬ፣ የሥዕሉ ሐሳብ ከየት ይመጣልሃል?» ያልሽኝን ስልክ ላይ መመለስ አልሆነልኝም። ቁጭ ብዬ ሐሳብ አልጠብቅም፤ ጠብቄ የመጣልኝ እንቅልፍ ብቻ ነው። አሁን የያዝኩት ሸራ የተጀመረው ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ስወጣ ጉም መንገዱን ዋጠው። ከፊታችን የነበረው ሲኖትራክ ጠፋና የኋላ መብራቱ ብቻ ቀረ፤ ሁለት ቀይ ነጥብ፣ አንዴ ደመቅ አንዴ ደብዘዝ የሚል። ሹፌሩ ቢስሚላህ ይላል፣ እኔ ቀዩን አያለሁ። ቤት ስገባ መኪናውንም መንገዱንም አልሣልኩም። ግራጫው ቀዩን ምን እንዳደረገው ነበር የፈለግሁት።

መጀመሪያ አክሪሊክ፣ በውሃ የሚቀጥነውን ቀለም፣ በስሱ እቀባለሁ፤ ከዚያ የዘይት ቀለም በእስፓቱላ እጭንበታለሁ። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቢ፤ ዘይት አክሪሊክ ላይ ይሄዳል፣ አክሪሊክ ዘይት ላይ ግን አይዝም፣ ውሎ አድሮ ይላጣል። ግራጫዬን ከጥቁርና ከነጭ አልበጠብጥም፣ ሬሳ ይሆንብኛል። ሰማያዊ ላይ ብርቱካናማ ጠብ አድርጌ በነጭ ሳሳሳው ነው ጉም የሚሆነው።

ቀዩ ግን አስቸገረኝ። ሁለቱን ነጥብ እንዳየኋቸው ባስቀምጣቸው ዓይን ሆነው ቁጭ አሉ። ጎረቤታችን ገብተው «ጅብ ነው አይደል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእስፓቱላ ፋቅሁት፤ ሲፋቅ ከግራጫው ሥር ስስ ቀይ ቀረ፣ ቦታው የት እንደሆነ በውል የማይያዝ። እሱን አልነካሁትም።

«ይሄ ምንድን ነው?» ለሚሉሽ አትናደጂ፣ አብሽሪ። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሉን አዲስ አበባ ሲያሳይ የኢትዮጵያ አይደለም ያሉት ነበሩ። ሌላው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ ለንደንና ፓሪስ ተምሮም ቆዳና የዛፍ ልጥ ላይ ሠርቷል። ስድስት ኪሎ ያለው የገብረ ክርስቶስ ማዕከል፣ የሥዕል ሙዚየሙ፣ ክፍት ሆኖ ካገኘሽው ግቢና ሥዕሎቹን ከጎን እያቸው፤ ቀለሙ የት እንደወፈረ፣ የት እንደሳሳ። ከፎቶ ይሄ አይገኝም።

ማለቁን በምን አውቃለሁ? ሸራውን ላዩን ወደ ታች ገልብጬ ግድግዳው ላይ አቆመዋለሁ። ተገልብጦም ወደ አንድ ወገን ካላጋደለ፣ እናትሽም ቡና ስታፈላ እያየችው «ታች በኩል ከበደ» ካላለችኝ እተወዋለሁ። እሷ ሥዕል አልተማረችም፤ ክብደት ግን ከእኔ ይልቅ ይታያታል። የሐረጎውን ትናንት አይታ ከብዷል ብላኛለች፣ ስለዚህ ገና ነው።

ነጭ የዘይት ቀለም፣ ትልቁን ቱቦ፣ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ስጪልኝ። ገንዘቡን እልክልሻለሁ።

አባትሽ