«ጠፍቷል» ስለተባለ ብቻ ሽቦ አይነካም

ለአዲስ አበባ ከተማ ትራንስፖርት ቢሮ ኃላፊዎች
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ፣ ክቡራን ኃላፊዎች።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ህንፃ ላይ ገመድ እየጎተትኩ፣ ፓኔል እያሰርኩ ነው የምኖረው። ሰሞኑን ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ህንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ እየሠራን ነው። መስኮቱ የቀላል ባቡሩን ድልድይ ቁልቁል ያሳያል። ባለፈው ሳምንት ሥራ በዝቶብን አመሸን። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ዕቃ ሰብስበን ልንወጣ ስንል፣ ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሰዎች ሐዲዱ ላይ አየሁ። አንደኛው መሰላል ላይ ወጥቶ እጁን ወደ ላይኛው ሽቦ ዘርግቷል።

በዓይኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። ከሽቦው ወደ ሐዲዱ የወረደ፣ ኃይል ድንገት ቢመጣ ሠራተኛውን የሚያድን ወፍራም ገመድ። ርቀቱና ጨለማው አላሳየኝም። ሰዎቹ ሥራቸውን በሰላም ጨርሰው ወረዱ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼም እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ምክንያት አለኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት ሌላ ሥራ ላይ፣ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «አጥፍተነዋል» ተብሎ ፓኔል ውስጥ እጁን ከተተ። ብሬከሩ ላይ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፈን ነበር። ወረቀቱ ለካ ወድቋል። ታች የነበረ ሰው የውሃ ፓምፑ አልነሳለት ሲል መጥቶ ብሬከሩን አነሳው። ልጁን ኮረንቲ ያዘው። በደረቅ እንጨት መትተን አላቀቅነው። ተርፏል፣ ተመስገን ነው። ግን ዛሬም ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በግራ እጁ ነው የሚይዘው። የቀኙ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም።

ብሬከሩን ያጠፋው ሰው አልዋሸም። «ጠፍቷል» ባለበት ሰዓት እውነትም ጠፍቶ ነበር። መብራት ሳይናገር እንደሚሄድ፣ ሳይናገርም እንደሚመጣ ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል።

የቀላል ባቡሩ ሽቦ የሚሸከመው 750 ቮልት ነው፤ ቤታችን ካለው 220 ከሦስት እጥፍ በላይ። ዓይነቱም ይለያል። ዲሲ ነው፤ እንደ ባትሪ ኮረንቲ አቅጣጫውን የማይቀያይር። የቤታችን ኮረንቲ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ ብልጭታው ለመጥፋት ዕድል ያገኛል። ዲሲ ይህ የለውም። አንዴ ብልጭታ ከተነሳ እንደ ብየዳ እሳት ይቀጥላል። እኛ ኪሳችን ውስጥ የምንይዘው ቴስተር እዚያ ቦታ ምንም ዋስትና አይሆንም።

ደግሞ ባቡር ላይ ኃይሉ የሚመጣበት በር አንድ ብቻ አይደለም። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ልቆይበት። ማከፋፈያ ጣቢያው በስህተት ሊያበራ ይችላል፤ ይህ የታወቀ ነው። ግን ሽቦው በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው። አንዱ ክፍል ጠፍቶ ጎረቤቱ በርቶ ከሆነ፣ አንድ ባቡር መለያያው ላይ ሲደርስ ጣሪያው ላይ ያለው ኃይል መቀበያ ሁለቱን ሊያገናኛቸው ይችላል። ለአንዲት አፍታም ቢሆን የጠፋው ይበራል። ሌላም አለ። ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ባቡር ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ኃይል ወደ ሽቦው መመለስ ይችላል። ስለዚህ ጣቢያው ሰው በሬዲዮ «አጥፍቻለሁ» ሲል፣ እሱ ያጠፋው የራሱን በር ነው።

ለዚህ ነው ያን ገመድ የፈለግኩት። አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ለ750 ቮልት ዲሲ በተሠራ መፈተሻ ዘንግ ሽቦው ይታያል። ዘንጉ ራሱ መሥራቱ ከፍተሻው በፊትም በኋላም ይረጋገጣል፤ የተበላሸ መፈተሻ ኃይል እያለም «የለም» ሊል ይችላል። ከዚያ ወፍራሙ የመዳብ ገመድ ይታሰራል። በቅድሚያ ሐዲዱ ላይ፣ ቀጥሎ ሽቦው ላይ። ሲፈታ ደግሞ በተቃራኒው፣ ሽቦው ይቀድማል። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ገመዱን የያዘው ሰው ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሠራተኛው ባለበት በግራም በቀኝም መታሰር አለበት፤ ኃይሉ በየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅምና። ድንገት ቢመጣ ሰውየው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በገመዱ ወደ ሐዲዱ ይወርዳል፣ ሾርት ያደርጋል፣ ብሬከሩም ወዲያው ይወድቃል።

እዚህ ላይ ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ህንፃ ላይ አርዝ የምናደርገው መሬት ውስጥ ዘንግ ቀብረን ነው። ዲሲ ባቡር ላይ ግን ኃይሉ የሚመለሰው በሐዲዱ ነው። ሐዲዱም ኮረንቲ ወደ አፈሩ እንዳይፈስ ተብሎ ከመሬት ይለያል። ስለዚህ ገመዱ የሚታሰረው ከሐዲዱ ጋር ነው። የህንፃ ልምድ ያለው ሰው ያለ ሥልጠና እዚያ ከተላከ በቅን ልቦና ይሳሳታል።

ከባቡሩ ራሱ የሚጠብቅ መሣሪያም አለ። በ1872 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን በሁለቱ ሐዲዶች ውስጥ አነስተኛ ኮረንቲ የሚልክ ዘዴ ፈጠረ። ባቡር ሲገባ አክስሉ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማውን የሚያያይዘው ብረት፣ ሁለቱን ሐዲድ ያገናኛል፣ የምልክቱ መብራትም ቀይ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር የሐዲድ ሠራተኞች ይህንኑ በእጃቸው ያደርጉታል። ሁለት መቆንጠጫ ያለው ገመድ ሁለቱ ሐዲዶች ላይ ሲያስሩ፣ ምልክቱ ባቡር እንዳለ ቆጥሮ ቀይ ያበራል። ይህ የሚሠራው እንዲህ ዓይነት ምልክት ባለበት መስመር ብቻ ነው። የከተማችን መስመር የሚስማማውን መምረጥ የባለሙያዎቻችሁ ፋንታ ነው።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። ሽቦ የሚነካ ቡድን ሁሉ፣ የኮንትራትና የቀን ሠራተኛውም ጭምር፣ መፈተሻውንና ሁለት ገመድ ይዞ ይውጣ። ሳይታሰር መሰላል አይወጣ። ኃይሉ የሚጠፋበት ማብሪያ ላይ ወረቀት ሳይሆን ጓጉንቸር ይንጠልጠል፤ ቁልፉም እላይ በሚሠራው ሰው ኪስ ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና እንዲያሠለጥን ያዝዛል። አዋጁ ሐዲዱ ድረስ ይውረድ ነው የምለው።

በተለይ ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን አስቡት። ሁለቱም መስመሮች እዚያ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። እዚያ ኃይል ቢዘገይ ከአያትም ከቃሊቲም የሚመጣው ተሳፋሪ ይቆማል። ሊነጋ ሲል «ቶሎ በሉ» የሚለው ድምፅ የሚበረታውም እዚያ ነው። ገመዱ ሳይፈታ ማንም ማብራት የማይችልበት ሥርዓት ከሁሉ በፊት ለዚያ ቦታ ይሁን።

አንድ የመጨረሻ ልመና። ገመዱ ላይ በሌሊት የሚያበራ ምልክት ይደረግበት። አለቃውም፣ የሥራ ባልደረባውም ከሩቅ ያየዋል። እኛ አራተኛው ፎቅ ላይ ገና ሁለት ወር ይቀረናል። ማታ ማታ መስኮቱ ጋ ቆሜ አየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከሜክሲኮ