ዘንዶውን ተዉትና ስለ እፉኝቷ ጠይቁልን

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የወጣውን ፎቶ ጎረቤቴ ይዞልኝ መጣ። ዘንዶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ዱላና ገጀራ የያዙ ወጣቶች ከኋላው ቆመው ይስቃሉ። ከሥሩ መንደሩን ሲያሸብር መክረሙ ተጽፏል። ማንን እንዳሸበረ፣ ምን እንደበላ ግን አንድ መስመር የለም።

ወጣቶቹን ለመውቀስ አፍ የለኝም፤ እኔም አድርጌዋለሁና። የምኖረው አርባ ምንጭ ሲቀላ፣ ከጫካው ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። እዚህ በሚያዝያና በግንቦት ዝናቡ ሲበረታ፣ የኩልፎ ወንዝም ሲሞላ፣ በየጉድጓዱ የተኛው ሁሉ ደረቅ መሬት ፍለጋ ይወጣል። ደረቁ መሬት ደግሞ የእኛ ግቢ ነው። ጥቂት ዓመታት አልፈውታል፤ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ባለቤቴ ዶሮ ቤቱን ልትከፍት ሄዳ ጮኸች። ዘንዶ በሽቦው ቀዳዳ ገብቶ ሁለት ዶሮ ውጧል፤ ሆዱ ተነፍቶ በገባበት መውጣት ስላቃተው እዚያው ተጠምጥሟል። ወዲያው ግቢው በሰው ሞላ። ዶማ የያዘ አለ፣ ድንጋይ የጨበጠ አለ። የመጀመሪያውን ገጀራ ያሳረፍኩት ግን እኔ ነኝ። ሬሳውን ጎትተን መንገድ ዳር አወጣነው፤ የሰፈር ልጆች በእርምጃ ለኩት፣ አራት ሆነ።

ዕድሜዬን በእርሻ ባለሙያነት ገበሬ ሳማክር ነው የኖርኩት፤ ዘንዶ መርዝ እንደሌለው ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ነክሶ ይይዛል፣ ተጠምጥሞ ያፍናል፣ ከዚያ ይውጣል። አይጥና ወፍ ይበላል፤ ትልቁ ዘንዶ ሚዳቋና ፍየልም መዋጥ ይችላል። ሕፃን ልጅ አጠገቡ አልተውም፣ ጥርሱም ሥጋ ይቀዳል። ሰው መግደሉ ግን እጅግ ብርቅ ነው። ጠገብ ብሎ የበላ ዘንዶ ወራት ሳይበላ ሊከርም ይችላል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ እስኪፈለፈል ድረስ በላዩ ተጠምጥማ ትጠብቃለች፤ ከዶሮዎቼ መሃል እንዲህ የምትታገስ አላየሁም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የመታሁት። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው እንዲያው አይደለም። (ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል በአዋጅ መከልከሉን በፎቶው ሥር ብታክሉ ግን ባልከፋ።)

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ዘንዶው ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት በሰፈራችን ሙዝ ማሳ በቀን ሥራ የሚተዳደር አንድ ወጣት በእፉኝት ተነደፈ። ያን ጊዜ ፎቶ ያነሳ ሰው አልነበረም።

እፉኝትን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ አጭርና ወፍራም ናት፤ መልኳ የደረቀ ቅጠልና አፈር ነው። ስትቆጣ እንደ ወናፍ ተነፍታ ትተነፍሳለች፤ ስሟ ራሱ ከዚያ ትንፋሽ የወጣ ይመስለኛል። ሌላው እባብ ኮቴ ሲሰማ ገለል ይላል፤ እሷ መልኳን ተማምና ካለችበት ንቅንቅ አትልም። ስለዚህ ነው አመሻሽ ላይ ያለ ባትሪ፣ በነጠላ ጫማ የሚሄድ ሰው እላይዋ የሚቆመው። አባቶቻችን እፉኝት ስትወለድ የእናቷን ሆድ ቀዳ ትወጣለች ይሉ ነበር። እናቷ አትሞትም፤ ነገሩ ግን ከምንም ተነስቶ የተባለ አይደለም። ብዙው እባብ እንቁላል ሲጥል እሷ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፣ ያውም በደርዘን። አንዲት እርጉዝ እፉኝት ከእንጨት ክምራችሁ ሥር ካደረች ጠዋት አንድ እባብ ብቻ አታገኙም ማለት ነው።

ወጣቱ የተነደፈው ከቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። አብረውት የነበሩት እግሩን በገመድ ጥርቅም አድርገው አሰሩት፣ በምላጭ በጡት፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ አምጥተው ቁስሉ ላይ ለጠፉለት። ሁሉም በፍቅር ነው ያደረጉት። የእፉኝት መርዝ ግን ሥጋውን እዚያው የነደፈችበት ቦታ ላይ ነው የሚያበላሸው፤ ገመዱ መርዙን እዚያው ያቁረዋል፣ ደም ይከለክላል፣ ምላጩም ለመድማትና ለመመርቀዝ በር ይከፍታል። ሌሊቱ በዚህ አለፈ። ሲነጋ እግሩ እስከ ጭኑ አብጦ፣ ቆዳው ውኃ ቋጥሮ ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ የምትችለውን ሁሉ አደረገች፦ ገመዱን ፈታች፣ ማስታገሻ ሰጠች፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወጋችው። ፀረ መርዙ ግን የለም። «ጋሼ፣ እኛ ጋ መጥቶም አያውቅ» አለችኝ በሐዘን። በተላክንበት ሁለተኛ ቦታም ፀረ መርዝ አልነበረም። በሦስተኛው ተገኘ፤ የመድኃኒቱን መግዣ አብዛኛውን ሰፈሩ አዋጣ። ልጁ ተርፏል። ሁለት ጣቶቹ ተቆርጠዋል፣ ዛሬም ያነክሳል፣ ሙዝ መሸከም አይችልም።

የእባብ መርዝ ማርከሻው በዓለም ላይ አንድ ነው፣ እሱም ይኸው ፀረ መርዝ ነው። የሚሠራው የእባብ መርዝ በጥቂት በጥቂቱ ለፈረስ እየተሰጠ፣ ፈረሱ በደሙ ያዳበረው መከላከያ ተጣርቶ ነው። ለእስያ እባብ የተዘጋጀው የአፍሪካን እባብ መርዝ በደንብ አያረክስም፤ ስለዚህ «ፀረ መርዝ» የሚል ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ማየት ብቻ አይበቃም፣ የየትኛው እባብ እንደሆነ መነበብ አለበት። ለ10 የአፍሪካ እባቦች ይሠራ የነበረውን ፋቭ-አፍሪክ የተባለ መድኃኒት የፈረንሳዩ ሳኖፊ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቆመ፤ ገዢው ድሃ፣ ትርፉ ትንሽ ነውና። የመጨረሻው ምርት ጊዜው ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በማግስቱ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ መዘገበው። ድርጅቱ እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል፤ አካሉ የሚጎድለው የዚያን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። በእኛ አገር ማን እንደሆነ ለማወቅ መተማና ሁመራ ሰሊጥ ሊያርሙና ሊያጭዱ የሚወርዱትን ወጣቶች መጠየቅ ነው። ሜዳ ላይ ይተኛሉ፣ በባዶ እጅ ያጭዳሉ።

ቤታችንን በሚመለከት ብዙ አልልም። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ የምንለው ለተንኮለኛ ሰው ነው፤ ተረቱን ያወጣው ሰው ግን ግቢውን አስተውሎ ያየ ነበር። ካቡን፣ የማገዶ ክምሩን፣ ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ አርቁት። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ናፍጣ መርጨቱን ባለቤቴ እስካሁን አልተወችም፤ እኔ ግን የፈሰሰውን በቆሎ መጥረግ ይሻላል እላለሁ፣ አይጡ የሚመጣው ለእህሉ፣ እባቡ የሚመጣው ለአይጡ ነውና። ማታ ባትሪና የተሸፈነ ጫማ፤ አጎበሩንም ፍራሹ ሥር መሸጎጥ። የተነደፈ ሰው ካጋጠማችሁ ቀለበቱን፣ አልቦውን፣ ጫማውን ሳያብጥ አውልቁለት፣ እግሩን እንደተሰበረ እግር ሳታነቃንቁ ደግፉት፣ በእግሩ አታስኪዱት፣ ፈጥናችሁ ሐኪም ዘንድ አድርሱት። የምትተፋዋ እባብ ዓይኑ ላይ ከረጨችበት በብዙ ውኃ እጠቡት። እባቡን አሳዶ መያዝ አያስፈልግም፤ ሁለተኛ ሰው ታስነድፋላችሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። እናንተ ጋዜጠኞች ናችሁ፣ የጤና ቢሮው ስልክ ይነሳላችኋል፤ ለእኔ አይነሳልኝም። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁልን፦ ፀረ መርዝ ያለው የትኛው ጤና ተቋም ነው? የየትኞቹ እባቦች ነው? ጊዜው የሚያልፍበት መቼ ነው? መልሱን ያንን ፎቶ ባወጣችሁበት ገጽ፣ በዚያው ስፋት አትሙት። የለም ከተባላችሁም የለም ብላችሁ ጻፉ፤ ቢያንስ የተነደፈ ሰው ተሸክመን በሦስት በር አንዞርም።

ጎረቤቴ ጋዜጣውን እንደሚያስቀረው ነግሮኛል፣ ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው ነው። የሚቀጥለው እትም ላይ ዝርዝሩ ቢወጣ በዘንዶው ላይ ደርቦ እንዲለጥፈው አግባባዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የእርሻ ባለሙያ (ስሜ ለዝግጅት ክፍሉ ተገልጿል)
ከአርባ ምንጭ፣ ሲቀላ