ቅዳሜሽን በስንት ብር ሊሸጡልሽ ነው?

ውድ ሰናይት፣

እንደምን ከረምሽ? እማማስ ጤናቸው እንዴት ነው? ከተጠፋፋን ብዙ ጊዜ ሆነን። የናፍቆቱን ወሬ ስንገናኝ እናወራዋለን፤ ይህ ግን ቀን የሚሰጥ አይደለም። ሁለተኛ ዲግሪሽን በቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ልትጀምሪ እንደሆነ ወንድምሽ ነገረኝ። እንኳን ደስ ያለሽ! መሥሪያ ቤትሽ «ቅዳሜን እንለቅልሻለን፣ ደመወዝሽ ግን ከ15,000 ወደ 11,000 ይወርዳል» ማለቱን ስሰማ ደግሞ ተናደድኩ። እባክሽ ይህን ሳታነቢ አትፈርሚ።

መጀመሪያ የወሩን ደመወዝ ትተሽ በሰዓት አስቢው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 8፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን 4፣ በሳምንት 44 ሰዓት ትሠሪያለሽ። ይህን በ52 ሳምንት አባዝተሽ ለ12 ወር ስታካፍዪው በወር 190.67 ሰዓት ይወጣል፤ የአንድ ሰዓትሽ ዋጋ 78 ብር ከ67 ሳንቲም ነው ማለት ነው። ቅዳሜ ሲቀር ሳምንቱ 40፣ ወሩ 173.33 ሰዓት ይሆናል። 11,000 ብር ለዚህ ሲካፈል የሰዓቱ ዋጋ ወደ 63 ብር ከ46 ሳንቲም ይወርዳል። ሥራው ያው፣ ኃላፊነቱም ያው ሆኖ ሳለ የሰዓትሽን ዋጋ ለምን ይነኩታል? ሰዓቱ ብቻ ቢቀነስ ደመወዝሽ 13,636 ብር ነው። ከዚህ በታች ከጠሩልሽ ትምህርት በመጀመርሽ እየቀጡሽ ነው።

እጅሽ የሚገባውንም አስይልኝ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ስሌት ከ15,000 ላይ ግብሩ 3,200፣ የጡረታ 7 በመቶው 1,050 ነው፤ 10,750 ይደርስሻል። ከ13,636 ላይ ወደ 9,941፣ ከ11,000 ላይ ደግሞ 8,280 ይደርስሻል። ተመጣጣኙ ቅነሳ በወር 809 ብር ያህል ያጎድልብሻል፤ የእነሱ ግን 2,470። የሴሚስተሩን ክፍያ ከዚህ አጠገብ አስቀምጠሽ እዪው።

ሆኖም 13,636ን መጀመሪያ አትጥሪው፤ እሱ የመጨረሻ መሸሸጊያሽ ይሁን። መጀመሪያ የምታቀርቢው ደመወዙ ሳይነካ የቅዳሜን 4 ሰዓት በአምስቱ ቀናት ላይ መደልደል ነው። በቀን 48 ደቂቃ ብቻ ይደርሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራው ጠባይ ሲጠይቅ የአንዱን ቀን ሰዓት ቀንሶ በሌሎቹ ላይ ማከፋፈልን ይፈቅዳል፤ የቀኑ 8 ሰዓት ከ2 ሰዓት በላይ እስካልተራዘመ ድረስ። ድንጋጌው ለተማሪ ተብሎ የወጣ ስላልሆነ «መብቴ ነው» ብለሽ አትግቢ። «ሕጉ ለዚህ ቦታ አለው፣ እናንተም አንድ ሰዓት አይጎድልባችሁም» በያቸው። 48 ደቂቃዋንም በጠዋት አድርጊያት። ማታ ካደረግሻት ከሥራ መውጫ ላይ የሚመጣ ሥራ ይውጣታል፣ ማንም አይቆጥርልሽም። ጠዋት ግን የመግቢያ ፊርማሽ ወይም አሻራሽ ይመሰክራል።

ብዙ ተማሪ ሠራተኛ የሚጎዳው ከተስማማ በኋላ ነው። «ቅዳሜን ፈቅደንልሽ የለ?» እየተባለ ማታ ማታ ያለ ክፍያ ይቆያል። የተስማማሽበት ሰዓት ካለቀ በኋላ ታዘሽ የምትሠሪው ትርፍ ሰዓት ነው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ ይከፈላል። በአንቺ ሒሳብ የምሽቱ ሰዓት 118 ብር ነው። በቀን ከ4፣ በሳምንትም ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ትእዛዙን በጽሑፍ፣ ቢያንስ በቴሌግራም ተቀበዪ።

«መሠረታዊውን 11,000 አድርገን ቀሪውን በአበል እንሙላው» ቢሉሽም እሺ አትበዪ። የጡረታ መዋጮሽ፣ የአሠሪሽን 11 በመቶ ጨምሮ፣ የሚሰላው በመሠረታዊው ደመወዝ ላይ ነው። አበል ደግሞ በጀት ሲጠብ ቀድሞ የሚነሳ ነገር ነው።

የትምህርት ፈቃድን አዋጁ ለኅብረት ስምምነት፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ለሚዋዋለው ውል፣ እና ለሥራ ደንብ ትቶታል። ስለዚህ ሁለቱንም ከሰው ሀብት ጠይቀሽ አንብቢ፤ ለፈተና ቀን የሚሰጥ አንቀጽ አይጠፋ ይሆናል። ከሌለ የዓመት ፈቃድሽን አሠሪው ከተስማማ ለሁለት መክፈል ስለሚቻል በሁለቱ ፋይናሎች ላይ አውዪው። ክፍያሽን እንሸፍናለን ካሉሽ ደግሞ የግዴታ ውሉን ሳታዪ አትደሰቺ። ስንት ዓመት ነው፣ ብትለቂ የምትመልሺው ሙሉውን ነው ወይስ የቀረውን ያህል፣ ዋስ ይጠይቃሉ ወይ?

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፊው። ከሬጅስትራር የወሰድሽውን የክፍል ፕሮግራም አያይዢና መጀመሪያ ለቅርብ አለቃሽ አሳዪ፤ እሱ ሳያውቅ ለሰው ሀብት ብታስገቢ ይቀየማል። ከዚያ ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥር ያረፈበትን ቅጂ ያዢ። መልሱም ሰዓቱን፣ ደመወዙንና የሚጸናበትን ጊዜ ጠቅሶ በፊርማና በማኅተም ይምጣልሽ፤ የቃል ስምምነት አለቃው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ደመወዝሽን በጽሑፍ ሳትስማሚ በደብዳቤ ብቻ ሊቀንሱት አይገባም፤ ፊርማሽ ላይ የሚጣደፉትም ለዚህ ነው።

ረቂቁን እንደሰጡሽ በስልክ አንሺና ላኪልኝ፤ በዚያው ቀን አይቼ እመልስልሻለሁ።

የምትወድሽ፣
ኤልሳ