ሲጋራ ማቆም የሚፈልገው ሰው በሕጉ ውስጥ የት ነው ያለው?

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ በወጣ ወይም በተሻሻለ ቁጥር መንግሥታትም ሆኑ መገናኛ ብዙኃን አጥብቀው የሚያነሱት ክልከላውን፣ ቅጣቱንና የግብር ጭማሪውን ነው። እኔም ክልከላውን ከሚደግፉት አንዱ ነኝ። ትምባሆ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡት ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላውን ጢስ በመተንፈሳቸው ብቻ የሚሞቱ ናቸው። አየርላንድ በ2004 እ.ኤ.አ. በሥራ ቦታዎች፣ መጠጥ ቤቶችንና ምግብ ቤቶችን ጨምሮ፣ ማጨስን ስትከለክል ሕጉ አይከበርም ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ሕጉ ግን ተከበረ፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሏት።

ሆኖም በ2005 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት ስለ ክልከላ ብቻ የሚናገር ሰነድ አይደለም። አንቀጽ 14 አባል አገሮች የትምባሆ ሱሰኞች እንዲያቆሙ የሚረዳ ምክርና ሕክምና በጤና ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያካትቱ ይጠይቃል። በእኔ እምነት ከስምምነቱ አንቀጾች ሁሉ እጅግ የተዘነጋው ይህ ነው። ከዓለም ትምባሆ ተጠቃሚዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ማቆም እንደሚፈልጉ፣ 70 በመቶ ያህሉ ግን ውጤታማ የማቆሚያ አገልግሎት እንደማያገኙ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

ኒኮቲን የአንጎልን አሠራር የሚለውጥ ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር ነው። አብዛኛው አጫሽ የጀመረው ገና በወጣትነቱ፣ የሚገባበትን ነገር በቅጡ ሳያውቅ ነው። በሚያቆምባቸው የመጀመሪያ ቀናት ብስጭቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና የማጨስ ፍላጎቱ ስለሚበረቱ ያለ እርዳታ የሞከረ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሲጋራው ይመለሳል። ይህን ሰው «በገዛ ፈቃድህ የጀመርከውን በገዛ ፈቃድህ ተው» ብሎ ማሰናበት የሕክምና መልስ ሊሆን አይችልም፤ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛን እንዲህ ብለን አንሸኝምና።

የሚያስፈልገው እርዳታ ደግሞ ከአቅም በላይ አይደለም። የጤና ባለሙያ በማንኛውም ምርመራ ወቅት «ያጨሳሉ?» ብሎ መጠየቅና ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ ምክር መስጠት ይችላል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈውና እንደ ማስቲካ የሚታኘከው የኒኮቲን መተኪያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን የተባሉት ማጨስ ለማቆም የሚረዱ መድኃኒቶች ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። የጤና ማሻሻያ ዕቅድ የሚነድፉ ሰዎች እነዚህን መድኃኒቶች በጤና መድን የማይሸፍኑበትን ምክንያት ሊያስረዱን ይገባል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚል መልሱ ከትምባሆው ግብር ነው። ታይላንድ በ2001 እ.ኤ.አ. በትምባሆና በአልኮል ላይ ተጨማሪ 2 በመቶ ክፍያ ጥላ የጤና ማስፋፊያ ፈንድ አቋቁማለች፤ ፊሊፒንስም በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከትምባሆና ከአልኮል ከሚሰበሰበው ተጨማሪ ግብር አብዛኛውን ለጤና መድባለች። ዋጋ ሲጨምር አጫሹ እንደሚቀንስ በጥናት የተረጋገጠ ስለሆነ የግብር ጭማሪውን አልቃወምም። የምቃወመው ከድሃው አጫሽ ግብሩን እየሰበሰቡ የሚያቆምበትን መንገድ አለማዘጋጀትን ነው።

ይህ ክፍተት ሌላም አደጋ አለው። የጤና ተቋሙ በማይደርስበት ቦታ የትምባሆ ኩባንያዎች ራሳቸው አዳዲስ የኒኮቲን ምርቶችን «አነስተኛ ጉዳት ያለው አማራጭ» እያሉ ያቀርባሉ። የስምምነቱ አንቀጽ 5.3 የጤና ፖሊሲ ከእነዚህ ኩባንያዎች የንግድ ፍላጎት እንዲጠበቅ የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ስለ ጤና ማሻሻያ ዕቅድ ባለሥልጣናትን በምታነጋግሩበት ጊዜ እነዚህን ጥያቄዎች እንድታቀርቡልን እጠይቃለሁ፦ ማቆም የሚፈልግ ሰው ዛሬ ወደ አቅራቢያው ጤና ተቋም ቢሄድ ማን ይቀበለዋል? ምን መድኃኒት ያገኛል? ወጪውንስ ማን ይሸፍንለታል?

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ