የካካዎ ጥላና ወፎቹ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ቸኮሌት ሲወራ ካካዎው የበቀለበት ጥላ ስለሚዘነጋ ጥቂት ለማከል እወዳለሁ። በብራዚል ደቡባዊ ባሂያ ገበሬዎች «ካብሩካ» በሚሉት ዘዴ የአትላንቲክን ደን ሙሉ በሙሉ ሳይመነጥሩ፣ ከሥር ያለውን ቁጥቋጦ አጽድተው ካካዎን በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ይተክላሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አዲስ ሆና የተመዘገበች፣ ላባዋ ጥቁርና ግራጫ፣ እግሯ ሮዝ የሆነች ትንሽ ወፍ ከጭራሮ የሠራችውን ጎጆ የምታኖረው በእነዚሁ ዛፎች አናት ላይ ነው፤ ከታች ፍሬ የሚለቅም ሰው ቀና ካላለ አያያትም።

ይሁን እንጂ ጥላ ያለው እርሻ ደንን ይተካል አልልም፤ በዛፎች አናት የሚውሉት ወፎች ሲቆዩ፣ ከመሬት አጠገብ በቁጥቋጦ ውስጥ ነፍሳት የሚያድኑት ቀድመው ይጠፋሉ። ለገበሬውም ቢሆን ወፍ ባለውለታ ነው፦ በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ የካካዎ ዛፎችን በመረብ ሸፍነው ወፎችንና የሌሊት ወፎችን የከለከሉ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ምርቱ በ31 በመቶ ቀንሷል። ቡናን በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። እኔን የሚቆጨኝ፣ ከምገዛቸው ቸኮሌቶች በአብዛኞቹ መጠቅለያ ላይ ካካዎው በጥላ ይሁን በጠራራ ፀሐይ እንደበቀለ የሚገልጽ አንድም ቃል ማጣቴ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ